ከሐምሌ ጭጋግ ወደ ሐምሌ እሳት፦ በረሃ ላይ በእግር መሄድ ለምን ይገድላል?

አጎቴ ከአዲስ አበባ ላስ ቬጋስ የመጡት በሐምሌ ነው። ከቦሌ ሲነሱ ዝናብ ነበር፤ ሹራብ ላይ ጃኬት ደርበው ነው የተሳፈሩት። በመጡ በአራተኛው ቀን ዴዝ ቫሊን ላሳያቸው ይዣቸው ወጣሁ። ከቬጋስ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቁርስ፣ ቡና፣ አገር ቤት ስልክ እያልን አረፈድን። ባድዋተር የሚባለው ነጭ የጨው ሜዳ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው።

“ጋሼ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፤ ከመኪናው ብዙ አንራቅ” አልኳቸው።

“ተው እንጂ፣ እኔ የፀሐይ አገር ሰው ነኝ” አሉኝና ጨው ላይ ቀድመውኝ ሄዱ።

20 ደቂቃ ያህል እንደሄድን መልሳቸው መዘግየት ጀመረ። አንድ ነገር ስጠይቃቸው ቆም ብለው ያስባሉ። እርምጃቸው ላላ። “ደህና ነዎት?” ስላቸው “ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም” ይላሉ። ሸሚዛቸውን በእጄ ነካሁት፤ ደረቅ ነው። እንግዲያው አላላባቸውም፣ ብዙም አልከበዳቸውም ብዬ አሰብኩ። ትልቁ ስህተቴ ይኼ ነበር።

ደግፌ ነው መኪናው ጋ ያደረስኳቸው። ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። የእናቴን ነጠላ በውሃ ነክሬ አንገታቸውና ደረታቸው ላይ አደረግኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወሬያቸው ተስተካከለ። እኔ ግን እስከ ማታ ድረስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በአሜሪካ ምዕራብ፣ በተለይ በላስ ቬጋስና በፊኒክስ፣ ብዙ ሐበሻ ይኖራል። ሰመር ሲመጣ እንግዳ ይመጣል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በረሃ ማሳየት አለ። ስለዚህ ከዚያ ቀን በኋላ የተማርኩትን ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወደድኩ።

መጀመሪያ ቦታው። ዴዝ ቫሊ ማለት “የሞት ሸለቆ” ማለት ነው። ባድዋተር ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ላይ ይገኛል። በሐምሌ ወር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1913 እዚያው ፈርነስ ክሪክ በተባለ ቦታ 56.7 ዲግሪ ተመዝግቧል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ልኬቱን ይጠራጠሩታል፤ ቢሆንም እስካሁን በይፋ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል።

ልብ በሉ፦ የአየር ሙቀት የሚለካው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጥላ ውስጥ ነው። መሬቱ ራሱ ሌላ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. የፈርነስ ክሪክ የመሬት ገጽ 93.9 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ውሃ ሊፈላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። በ2024 ሐምሌ አንድ ጎብኚ እዚያ በረሃ አሸዋ ላይ ነጠላ ጫማው ወልቆበት የእግሩ ቆዳ ክፉኛ ተቃጥሏል። እዚያ መሬት ላይ የወደቀ ሰው ምጣድ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሙቀት እንዴት አድርጎ ነው ሰው የሚገድለው?

ነገሩ የገቢና የወጪ ሂሳብ ነው። ጡንቻችን ከምግብ ከሚያገኘው ኃይል ውስጥ ለእንቅስቃሴ የሚውለው አንድ አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ሌላው ሙቀት ሆኖ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። አቀበት የሚወጣ ሰው ከውስጡ 450 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል። ይኼ ሙቀት ጭራሽ መውጫ ቢያጣ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውስጣዊ ሙቀቱ በየ10 ደቂቃው 1 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ጤነኛ ሰው 37 ላይ ነው። ከ40 በላይ አደጋ ነው። ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት፤ ግማሽ ሰዓት ነው።

ደግነቱ ሙቀቱ መውጫ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ አየሩ 20 ዲግሪ፣ ቆዳችን ደግሞ 35 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሙቀት ከእኛ ወደ አየሩ ይሄዳል። ነፋስ ሲመጣ ይቀለናል። አየሩ 45 ሲሆን ግን መንገዱ ይገለበጣል። ሙቀት ከአየሩ ወደ እኛ ይገባል። ነፋሱ ራሱ አክንባሎ ሲነሳ ፊት ላይ እንደሚመታው ወላፈን ነው። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች መሬቱ ይጨምሩበታል። ያኔ አንድ መውጫ ብቻ ይቀራል፦ ላብ።

ላብ እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ለማወቅ የሸክላ እንስራን ማስታወስ ይበቃል። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው ሸክላው ትንሽ ትንሽ ውሃ ወደ ውጭ ስለሚያስርግ ነው። የሰረገው ውሃ ሲተን ከእንስራው ሙቀት ይዞ ይሄዳል። እኛም እንደዚያው ነን። የሚያቀዘቅዘን የሚተነው ላብ ነው። ተንጠባጥቦ የወረደ ላብ ምንም አልጠቀመንም።

1 ሊትር ላብ በሰዓት ሙሉ በሙሉ ቢተን 670 ዋት ያህል ሙቀት ይዞ ይወጣል። ከውስጥ የሚመነጨው 450 ነው። ፀሐዩና የጋለው አየር ሌላ 200 ቢጨምሩ ሂሳቡ እኩል መጣ። እንግዲህ በዚያ ሙቀት አቀበት ለመውጣት፣ ሙቀታችን ባለበት እንዲቆይ ብቻ፣ በየሰዓቱ 1 ሊትር ላብ እንከፍላለን። ይኼ ትርፍ የሌለው ሂሳብ ነው። አንጀታችን ደግሞ በሰዓት መምጠጥ የሚችለው ቢበዛ ከ1 ሊትር ብዙም አይዘልም። ፍጥነት ከጨመርን ወይም ፀሐዩ ከበረታ ዕዳ ውስጥ ገባን። ብርቱ ሰው ስለሆንን ዕዳው አይቀርልንም። እንዲያውም ብርቱው ፈጥኖ ስለሚሄድ የበለጠ ሙቀት ያመነጫል። ማራቶን የሚሮጡ ወጣቶች ሳይቀሩ አሪዞና ባለው ጥልቅ ሸለቆ፣ ግራንድ ካንየን ውስጥ ሞተዋል።

የአጎቴ ሸሚዝ ለምን ደረቅ እንደነበረ አሁን ገባችሁ። ላብ አላጡም። የበረሃው አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ ላቡ ገና ብቅ ሲል ይተናል። ሰው ሸሚዙ ደርቆ ሳለ በሰዓት ከ1 ሊትር በላይ ሊያጣ ይችላል። ጅቡቲ ወይም ዱባይ የኖረ ሰው ይኼ ያሳስተዋል። እዚያ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላብ ይንቆረቆራል፤ ሰውም መጨነቁን ያውቀዋል። ዴዝ ቫሊ ላይ ምልክቱ አይታይም።

የጠፋው ውሃ የሚወጣው ከደም ነው። ደም ሲያንስ ልብ ፈጥኖ መምታት አለበት። ያንኑ ትንሽ ደም ሦስት ጌቶች ይጣሉበታል፦ ጡንቻው ለመሄድ፣ ቆዳው ለማቀዝቀዝ፣ አንጎል ለማሰብ። የሚቀማው አንጀት ነው። ለዚህም ነው መጀመሪያ ምግብ የሚያስጠላው፣ ከዚያ የሚያቅለሸልሸው። ማስታወክ ከጀመረ ደግሞ ውሃ የሚገባበት በር ተዘጋ ማለት ነው። እንዲያ ለሚሆን ሰው “ውሃ ጠጣ” ማለት ብቻውን አያድነውም።

ስለ ውሃ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ሰው ሁሉ “ውሃ በብዛት ጠጡ” ይላል። ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ላብ ጨው ይዞ ይወጣል። ጨው ሳይተካ ውሃ ብቻ አብዝቶ የጠጣ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀንስና አንጎሉ ያብጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር ይመጣል። ከሙቀት ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል ሰዎች “ጠጣ፣ ጠጣ” እያሉ ያባብሱታል። የግራንድ ካንየን ጠባቂዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እየጠጡ ጨው ያለው ነገር መብላት። ጨው ጣል የተደረገበት ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ። እኔ አሁን ያለ ቆሎ በረሃ አልወጣም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አእምሮን ማንሳት እፈልጋለሁ። ሙቀት ቀድሞ የሚያደክመው እግር ይመስለናል። እውነቱ ግን ማመዛዘናችን ቀድሞ ይዳከማል። የጋለ አንጎል “ትንሽ ነው የቀረኝ” ይላል። መንገድ ይስታል። ውሃ እያለው መጠጣት ይረሳል። ውሳኔ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ወሳኙ አካል ታሟል።

እኛ ደግሞ በዚህ ላይ ይሉኝታ አለን። አሥር ሰው ሆነን ስንወጣ “እኔ አልቻልኩም፣ እንመለስ” የሚል ማን ነው? እንግዳው የጋበዘውን ላለማሳዘን ዝም ይላል። ታላቅ በታናሽ ፊት መድከሙን መናገር ያፍራል። ታናሽ ታላቁን “ይመለሱ” ብሎ ማዘዝ ይከብደዋል። አጎቴ “ደህና ነኝ” ያሉት እኔን ላለማስቸገር ነው። እኔም አንድ ጊዜ ብቻ ነግሬ የተውኩት እሳቸውን ላለመድፈር ነው። ሁለታችንም በጨዋነት ነበር ወደ ሞት ስንራመድ የነበረው። ስለዚህ የመመለሻው ሰዓት ቤት ውስጥ፣ ቡና ላይ እያለን መቆረጥ አለበት። በተቆረጠው ሰዓት፣ የትም እንድረስ የት፣ ፊት ማዞር ነው። ያኔ ማንም ደካማ አልተባለም፤ ሰዓቱ ነው የመለሰን።

ግራንድ ካንየን ላይ ይኼ የበለጠ ያስፈልጋል። ዓባይ በረሃን በአውቶቡስ የወረደ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ጎሐ ጽዮን ላይ ብርድ ነው፤ ሹራብ ተለብሶ ነው የሚወረደው። ድልድዩ ጋ ሲደረስ ሁሉም ሹራቡን አውልቆ መስኮት ይከፍታል። ግራንድ ካንየንም እንደዚያው ነው። የደቡብ ጠርዙ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ወንዙ ደግሞ 730 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ 1 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ጠዋት ጠርዙ ላይ ነፋሻ ነው፤ ወንዙ ዳር ከ40 በላይ ይሆናል።

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ተራራ ስንወጣ መጀመሪያ እንደክማለን፣ ሲደክመን እንመለሳለን፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው። ካንየን ግን በተቃራኒው ነው። ጠዋት ጉልበት እያለን፣ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ቁልቁለቱ እየሳበን እንወርዳለን። ድካም ሲሰማን ፊታችን ያለው አቀበት ነው፤ ሰዓቱም ቀትር ነው። የፓርኩ ሰዎች መውረድ በውዴታ፣ መውጣት ግን በግዴታ ነው ብለው የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው። በአንድ ቀን ወንዙ ድረስ ወርዶ ለመመለስ አትሞክሩ የሚል ምልክትም በየመንገዱ አለ። ሰመር ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ከ10 እስከ 4 ማለት ነው፣ ካንየኑ ውስጥ በእግር እንዳይኬድ ይመክራሉ። የዴዝ ቫሊ ጠባቂዎችም ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ዝቅተኛው ቦታ ላይ በእግር እንዳይኬድ ያሳስባሉ።

“ችግር ቢመጣ ሄሊኮፕተር አለ” የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አየር ሲግል ይሳሳል። በሳሳ አየር ክንፍ የሚይዘው ያጣል፤ ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነ አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ እንደሚፈልገው ማለት ነው። ዴዝ ቫሊ ውስጥ ሙቀቱ ከ49 ዲግሪ ካለፈ የሕክምና ሄሊኮፕተሮች በአብዛኛው መብረር አይችሉም። በ2024 ሐምሌ ሞተረኞች በሙቀት ተጎድተው አንዱ ሲሞት፣ ሄሊኮፕተር ሊደርስላቸው አልቻለም። እርዳታ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት እርዳታው መሬት ላይ ተቀምጧል።

ፊኒክስ ከተማ በ2021 አንድ ውሳኔ ወስኗል። የከባድ ሙቀት ማስጠንቀቂያ በወጣባቸው ቀናት ካምልባክ ተራራንና ፒየስቴዋ ፒክን በቀኑ ሰዓት ይዘጋቸዋል። ያን ዓመት ተጓዦችን ለማዳን የወጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ራሳቸው በሙቀት ታመው ነበር። በበረሃ የሚታመም ሰው የራሱን ነፍስ ብቻ ይዞ አይወጣም፤ የሌላውንም አደጋ ላይ ይጥላል።

አሁን “የፀሐይ አገር ሰው ነኝ” ወደሚለው ልመለስ። አገራችን የ13 ወር ጸጋ ትባላለች። እውነት ነው። ግን ደጋው ላይ ያደገ ሰው የሚያውቀው ፀሐይ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ያለ ፀሐይ ነው። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው በዘር ሳይሆን በሙቀት ውስጥ በመኖር ነው። ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ የደም ፈሳሽ ይጨምራል፣ ላብ ቀድሞ ይጀምራል፣ ጨውም ያነሰ ይዞ ይወጣል። ከሙቀቱ ሲርቁ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። በዓለም ላይ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት፣ 34.6 ዲግሪ፣ የተመዘገበው እኛው አገር ዳሎል ነው። ይኼ ዕውቀት የአፋር ሰው ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው አይደለም። ሐምሌን በጋቢ ያሳለፈ ሰው ቬጋስ ሲደርስ ከኖርዌይ ከመጣው ጋር እኩል ነው።

የአፋር ሰው ምን ያደርጋል? ኤርታ አሌ የሄደ ያስታውሳል፤ የእግር ጉዞው የሚጀመረው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። የጨው ሥራውም በአብዛኛው የሚካሄደው ቀዝቀዝ በሚሉት ወራት ነው። በረሃን የሚያውቅ ሰው ቀትር ላይ አይጋፋውም።

ይህን ስጽፍ ከሐሳቤ የማይወጡ ሌሎች ተጓዦች አሉ። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከኦሮሚያ ተነስተው በጅቡቲ በኩል፣ በአሳል ሐይቅ አጠገብ አልፈው ወደ ኦቦክ የሚሄዱ ልጆች። ከዚያ ባሕሩን ተሻግረው የመን ለመግባት ነው። እነሱ ሰዓት አይመርጡም። የያዙት ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ላስቲክ ውሃ ነው። ከላይ ያወራሁትን ሂሳብ በዚያ መንገድ ላይ አስቡት። በሰዓት 1 ሊትር። ለስንት ሰዓት? ዘመድ ያላችሁ ንገሯቸው። አፋፍ ላይ ላለ ልጅ ምክር ብቻውን ዳቦ እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን መንገዱ ምን እንደሚያደርግ አውቆ ይወስን።

ለማን ይበልጥ ያሰጋል? ለአዛውንት፣ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለልብና ለኩላሊት ሕመምተኞች። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ በተለይ የሚያሸናውን ዓይነት፣ ሐኪም ሳያማክሩ አይውጡ። የአጎቴን የግፊት ኪኒን ያወቅኩት ማታ ነው፤ ጠዋት መጠየቅ ነበረብኝ። ፍልሰታ የሚውለው በነሐሴ ነው። ሳይበሉ ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ በረሃ መውጣት ፈጽሞ አይሆንም። በረመዳን ለሚጾሙትም እንደዚያው።

ሰው ከታመመ ምን እናድርግ? ቁርጥማት፣ ብርቱ ድካም፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ካለ ጥላ፣ እረፍት፣ ቀስ እያሉ መጠጣትና ጨው ያለው ምግብ ይረዳል፤ የዚያን ቀን ጉዞም አበቃ። ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ከተንገዳገደ፣ ከተናደደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ሂት ስትሮክ ነው፤ ሙቀት አንጎልን የሚመታበት፣ ነፍስ የሚያጠፋው ደረጃ ማለት ነው። ያላበው ሰውም ሂት ስትሮክ ሊይዘው ይችላል፤ ላቡ አያታልላችሁ። 911 ደውሉና እስኪመጡ ሳትጠብቁ ማቀዝቀዝ ጀምሩ። ልብሱን አላሉለት፣ ያለውን ውሃ ሁሉ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡለት። በረዶ ካለ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ። የሚወሰነው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። አእምሮው የደነገዘ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ፓራሲታሞል ይኼን ሙቀት አያወርድም፤ የተጎዳ ጉበትን ይጎዳል እንጂ። በእኛ ዘንድ ፀሐይ ላይ የቆየ ሰው ሲታመም “ምች መታው” ይባልና ዳማከሴ ይታሻል። ሽታውን እኔም እወደዋለሁ። ለዚህ ግን ዳማከሴ ሲፈለግ የሚያልፈው ደቂቃ ነፍስ ነው።

መኪና ከተበላሸም መኪናውን ትታችሁ አትሂዱ። በ1996 እ.ኤ.አ. ሐምሌ አራት ጀርመናውያን ጎብኚዎች ዴዝ ቫሊ ውስጥ መኪናቸው ተበላሽቶ በእግር ወጡ። አጽም የተገኘው በ2009 ነው። መኪና ከሩቅ ይታያል፤ ሰው አይታይም። ስልክም በአብዛኛው ቦታ አይሠራም። ስለዚህ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ቤት ለቀረ ሰው ንገሩ። ለአንድ ሰው ለቀኑ ቢያንስ 4 ሊትር ውሃ መኪናው ውስጥ ይኑር። ሰፋ ያለ እጀ ረጅም ልብስ፣ ባርኔጣ፣ አንድ ነጠላም ያዙ። በደረቅ አየር ውስጥ የራሰ ነጠላ አናት ላይ ጣል ማድረግ ሰውነት ያላወጣው ላብ ነው፤ ከደማችሁ ሳይቀነስ ያቀዘቅዛችኋል።

አጎቴን ከመመለሳቸው በፊት አንድ ጊዜ ይዣቸው ወጥቻለሁ። ከቬጋስ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ቻርልስተን ተራራ አለ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን፤ ቡናውን በፔርሙስ ይዘን። ከተማው ገና ጎሕ ሲቀድ ይግላል፤ እዚያ ላይ ግን ጥድ ነው፣ ነፋስ ነው። አጎቴ ሻንጣቸው ውስጥ የተረሳውን የቦሌውን ጃኬት አውጥተው ለበሱ። ለመመለስ የቆረጥነው ሰዓት ሲደርስ “ጋሼ፣ ሰዓቱ ሞላ” አልኳቸው። ጫፉ ሊታይ ትንሽ ነበር የቀረው። አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩትና ፊታቸውን አዞሩ።